በቼክ ላይ የገንዘብን ልክ በፊደል ስለ መጻፍ
ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በ12ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን የእግዚአብሔር ቤት የፈረሰው ሳይጠገን ብዙ ዓመት ቆይቶ ነበር። ምእመናን ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ሥራው ግን አይታይም። በዚህ ጊዜ ካህኑ ዮዳሄ አንድ ሣጥን አዘጋጅቶ በክዳኑ ላይ ቀዳዳ አበጀና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ሣጥኑ በሞላ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው እየመጡ ገንዘቡን ይቆጥሩ ነበር፤ የተቆጠረውም ለሥራው ኃላፊዎች ተሰጥቶ ለአናጢውና ለግንበኛው ይከፈል ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቱ ተጠገነ። ሥራው የተቃናው የገንዘቡ መጠን ስለ ጨመረ ብቻ አልነበረም፤ አቆጣጠሩና አወጣጡ በሁለት ሰዎች ፊት ስለ ሆነም ጭምር ነው።

ዛሬ የየአጥቢያችን ሙዳየ ምጽዋት የዚያ ሣጥን ምሳሌ ነው። በቃለ ዓዋዲ በሚመራው የሰበካ ጉባኤ አሠራር ገንዘብ በደረሰኝ ይሰበሰባል፤ በባንክ ይቀመጣል፤ በጣምራ ፊርማ ይወጣል። ስለ ገቢ ደረሰኝ በየጊዜው ብዙ ይነገራል። ገንዘቡ ከባንክ ስለሚወጣበት ቼክ ግን የሚሰጠው ትምህርት ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት በቼክ ላይ ያለችውን አንዲት መስመር፣ ማለትም የገንዘቡ ልክ በፊደል የሚጻፍባትን መስመር እንመለከታለን።

፩. የፊደሉ መስመር ለምን ይበልጣል?

በቼክ ላይ የገንዘቡ ልክ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዱ በአኃዝ ሲሆን ሌላው በፊደል ነው። ሁለቱ ባይስማሙ የትኛው ይጸናል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ በዚህ ረገድ የተከተለው በ1931 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የተፈረመውን የቼክ ስምምነት መንገድ ነው። በዚህም መሠረት የፊደሉና የአኃዙ ጽሑፍ ቢለያዩ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው። በአሜሪካም ሕጉ እንዲሁ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አኃዝ በአንዲት ጭረት ይለወጣል። 1 ወደ 7 ወይም ወደ 4፣ 0 ወደ 6 ወይም ወደ 9፣ 3 ወደ 8 ለመለወጥ የእጅ ቅጽበት ይበቃል። አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ብትዛወር 5,000 አምስት ይሆናል፤ አንድ ዜሮ ቢጨመር ደግሞ ሃምሳ ሺህ ይሆናል። ቃልን በቃል መለወጥ ግን ይከብዳል።

ይህ ማለት ባንኩ ልዩነት ያለበትን ቼክ ሁልጊዜ በፊደሉ መሠረት ይከፍላል ማለት አይደለም። በዕለት ተዕለት አሠራር ባንኮች ፊደሉና አኃዙ ያልተስማሙበትን ወይም ስርዝ ድልዝ ያለበትን ቼክ ሳይከፍሉ ይመልሳሉ። ሕጉ የሚያስፈልገው ክርክር በተነሣ ጊዜ ነው። እንግዲህ በፊደሉ መስመር ላይ የሚሠራ ስሕተት ሁለት ዓይነት ጉዳት አለው ማለት ነው። ቀላሉ ጉዳት ቼኩ መመለሱ ነው፤ ክረምት ሳይገባ መከደን የነበረበት የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮው ሳይደርስ ይቀራል። ከባዱ ጉዳት በተተወው ክፍተት ላይ ሌላ ቃል ገብቶ የምእመናን ዐሥራትና ስእለት መጥፋቱ ነው። ከገንዘቡም በላይ የሚጠፋው አመኔታ ነው፤ ጥርጣሬ የገባበት አጥቢያ ሙዳየ ምጽዋቱን መልሶ ለመሙላት ረጅም ጊዜ ይወስድበታል።

፪. የአነጋገር ልማዳችንና ቼኩ

በአማርኛ ስንነጋገር ቁጥርን እናሳጥራለን። «መቶ ብር ስጠው»፣ «ሺህ አምስት መቶ ከፈልሁ»፣ «ሚሊዮን ተኩል ፈጀ» እንላለን። በገበያ ይህ ነውር የለበትም፤ ሻጩና ገዢው ፊት ለፊት ናቸውና። በቼክ ላይ ግን እያንዳንዱ የተተወ ቃል ለሌላ ሰው የተተወ ቦታ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚገኝ አንድ አጥቢያ ለቀን ሠራተኛ 1,500 ብር ይከፍላል እንበል። ጸሐፊው እንደ አነጋገሩ «ሺህ አምስት መቶ ብር» ብሎ ጻፈ፤ ከፊቱም ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ተወ። በዚያ ቦታ «ሃያ አንድ» የሚል ቃል ቢገባና በአኃዙ ፊት 2 ቢጨመር ቼኩ የሚያዘው 21,500 ብር ይሆናል። ፊደሉና አኃዙ ስለሚስማሙ የባንኩ ሠራተኛ የሚያይበት ጉድለት የለም። ልብ በሉ፤ ጸሐፊው «አንድ ሺህ» ብሎ ቢጽፍም እንኳ ከፊቱ ክፍተት ከተወ «ሃያ» መጨመር ይቻላል። ስለዚህ «አንድ» የሚለውን መጻፍም፣ ከመስመሩ ጫፍ መጀመርም ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛው አደጋ በቃላት መካከል ያለ ክፍተት ነው። «ዐሥር ሺህ» ተብሎ በመካከሉ ሰፊ ቦታ ቢቀር፣ «ር» ወደ «ራ» ተለውጣ «ዐሥራ ዘጠኝ ሺህ» ሊባል ይችላል። «አምስት መቶ» ከሚለው በኋላ «ብር» እስኪመጣ ድረስ ቦታ ከተረፈ «ሺህ» ትገባበታለች። «ሃያ ሺህ አምስት» ከሚለውም በኋላ እንዲሁ «መቶ» ትገባለች።

ሦስተኛው አደጋ የሚመሳሰሉ ቃላት ናቸው። ሰባትና ሰባ፣ ስድስትና ስልሳ፣ ዘጠኝና ዘጠና በችኮላ ሲጻፉ ይምታታሉ። «ሰባ ሺህ» ላይ አንዲት «ት» ብትጨመር ሰባት ሺህ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተጎጂው ገንዘቡን የሚጠብቀው ባለ ዕቃ ነው።

፫. የግእዝ ቁጥር ለለመዱ አባቶች

በባሕረ ሐሳብና በብራና መጻሕፍት ላደጉ ካህናት የግእዝ ቁጥር ከአኃዙ ይልቅ የቀረበ ነው። ሆኖም በግእዝ ቁጥርና በአማርኛው አነባበብ መካከል አንድ ልዩነት አለ። ግእዝ የሚቆጥረው በመቶና በእልፍ ነው፤ ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም፤ ዜሮም የለውም። አማርኛው ግን በሺህ ይቆጥራል።

47,350ን በግእዝ ብንጽፍ ፬፼፸፫፻፶ ይሆናል። ቃል በቃል ሲነበብ አራት እልፍ፣ ሰባ ሦስት መቶ፣ ሃምሳ ማለት ነው። በቼክ ላይ ግን እንዲህ አይጻፍም። እልፉ ወደ ሺህ ተዛውሮ ከመቶዎቹ ውስጥ ያሉት ሺዎች ይታከሉበታል፤ አራት እልፍ አርባ ሺህ ነው፤ ሰባ ሦስት መቶ ሰባት ሺህ ከሦስት መቶ ነው፤ ድምሩ «አርባ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ» ይሆናል። ዓመተ ምሕረትን ስንጽፍ የለመድነውም ይኸው ነው፤ ፳፻፲፯ ስንጽፍ «ሃያ መቶ» ሳይሆን «ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት» እንላለን። በቃለ ጉባኤ ላይ በግእዝ ቁጥር የተወሰነ ክፍያ ካለ ቼኩ ከመጻፉ በፊት ይህን ዝውውር ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ሠርተው ያስተያዩ።

፬. የአጻጻፍ ደንብ

ሀ. የመጀመሪያው ቃል ከመስመሩ ግራ ጫፍ ይጀምር። በቼኩ ላይ «ብር» የሚል ታትሞ ከሆነ ቀጥሎ፣ ሳይራራቅ ይጻፍ።

ለ. «አንድ» አይተው። «አንድ መቶ»፣ «አንድ ሺህ»፣ «አንድ ሚሊዮን» ይባል።

ሐ. ቅደም ተከተሉ ሚሊዮን፣ ሺህ፣ መቶ፣ ዐሥር ቤት፣ ነጠላ፣ በመጨረሻም ሳንቲም ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ትርጉሙ ይለወጣል፤ «አንድ መቶ ሦስት ሺህ» 103,000 ሲሆን «አንድ መቶ ሺህ ሦስት» ግን 100,003 ነው።

መ. አኃዝና ፊደል አይደባለቁ። «50 ሺህ» ወይም «5 መቶ» ተብሎ በፊደሉ መስመር ላይ አይጻፍ።

ሠ. ተኩል፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ስሙኒ፣ ሽልንግ የሚሉት የገበያ ቃላት ናቸውና በቼክ ላይ አይግቡ።

ረ. ሳንቲም «ከ75/100» ተብሎ ይጻፍ። ሳንቲም በሌለ ጊዜ «ከ00/100» ወይም «ብቻ» ይባል። ይህ ቃል መዝጊያ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚጨመር ነገር እንደሌለ ያስታውቃል። በቀረው ባዶ ቦታ ላይ እስከ መስመሩ መጨረሻ አንድ ወጥ መስመር ይሰመር።

ሰ. በፊደላት ምርጫ፣ ለምሳሌ «ሦስት» ወይም «ሶስት»፣ «ዐሥር» ወይም «አስር» ብሎ በመጻፍ ገንዘቡ አይለወጥም። ነገር ግን ጽሕፈት ቤቱ አንዱን መርጦ ሁልጊዜ በዚያው ይጻፍ፤ እንግዳ አጻጻፍ የገባ እንደ ሆነ ቶሎ ይታወቃልና።

ሸ. ስሕተት ቢፈጠር አይፋቅ፣ አይደለዝ። በቼኩ ላይ በሰፊው «ተሰርዟል» ተብሎ ይጻፍበትና ከጉርዱ ጋር ይያያዝ። የተበላሸ ቼክ አይቀደድም፤ ቁጥሩ በምርመራ ጊዜ ይጠየቃልና።

እነዚህ ደንቦች በሥራ ላይ ሲውሉ እንዲህ ይሆናሉ፦

115.00 ፦ አንድ መቶ ዐሥራ አምስት ብር ከ00/100
1,008.00 ፦ አንድ ሺህ ስምንት ብር ከ00/100
10,400.50 ፦ ዐሥር ሺህ አራት መቶ ብር ከ50/100
70,700.00 ፦ ሰባ ሺህ ሰባት መቶ ብር ከ00/100
103,060.25 ፦ አንድ መቶ ሦስት ሺህ ስልሳ ብር ከ25/100
1,250,000.00 ፦ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ከ00/100

፭. በባዶ ቼክ ላይ ስለ መፈረም

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ የሚጠቅመው ፊርማው ከጽሑፉ በኋላ ሲመጣ ነው። በአካባቢያችን ያለውን ችግር በግልጽ መናገር ይገባል። ከፈራሚዎቹ አንዱ ደሴ ይኖራል፤ ሌላው በኮምቦልቻ ፋብሪካ ወይም በንግድ ላይ ይውላል፤ አስተዳዳሪው በአገልግሎት ላይ ናቸው። በሐረጎ ቁልቁለት መመላለስ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ «እኔ ልፈርምልህ፤ ልኩን ኋላ ትሞላዋለህ» ይባላል። ይህ የሚደረገው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፤ በመተማመን ነው። ነገር ግን በባዶ ቼክ ላይ የፈረመ ሰው ያላየውን የገንዘብ ልክ አጽድቋል። ጣምራ ፊርማም ስሙ ብቻ ቀረ ማለት ነው፤ በሥራ ላይ የሚውለው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነውና። ቅንም ቢሆን ያ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ሐሜት በተነሣ ጊዜ ደግሞ የሚመሰክርለት አያገኝም። በባዶ የፈረመው ወንድሙ ይህን ሸክም አሸክሞታልና።

ሕጋዊም አደጋ አለ። በልኩ ላይ አንድ ዜሮ በስሕተት ቢጨመርና በሒሳቡ ያለው ገንዘብ ባይበቃ፣ ቼኩ በተለምዶ «ደረቅ ቼክ» የሚባለው ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 የሚያዝበት በቂ ገንዘብ ሳይኖር እያወቁ ቼክ ማውጣት ያስቀጣል። በስሕተት የሆነም ቢሆን፣ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት የሚጠሩት የፈረሙት ሁሉ ናቸው።

መፍትሔው ቀን መቁረጥ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ፈራሚዎቹ ሁሉ በሚገኙበት አንድ እሑድ፣ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ክፍያዎች በአንድነት ይዘጋጁ። ቅደም ተከተሉም ይህን ይመስላል፦

አንደኛ፣ የወጪ ማዘዣውና ክፍያውን የወሰነው ቃለ ጉባኤ ይቀርባሉ።
ሁለተኛ፣ የተከፋዩ ስም በባንክ ሒሳቡ እንደ ተመዘገበው ይጻፋል። «ለአምጪው» ተብሎ አይጻፍ። ባለ ዕቃው የባንክ ሒሳብ ካለው በቼኩ ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮች ይሰመሩ፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ በባንክ በኩል እንጂ ለማንም በእጅ አይከፈልም።
ሦስተኛ፣ ልኩ አስቀድሞ በፊደል፣ ቀጥሎ በአኃዝ ይጻፋል። በፊደል የጻፈ ሰው ቁጥሩን በአእምሮው አንብቦታልና አኃዙን በቀላሉ አይስትም።
አራተኛ፣ አንዱ ማዘዣውን፣ ሌላው ቼኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። የተሰማው አንድ ከሆነ ይፈረማል።
አምስተኛ፣ በጉርዱ ላይ ያው ልክ በፊደልም በአኃዝም ይጻፋል።

አስቸኳይ ክፍያ ቢመጣ ፈራሚው ይጠበቅ እንጂ ፊርማው አይቅደም። ለትንንሽ ወጪዎች ጉባኤው የወሰነው መጠነኛ ገንዘብ በገንዘብ ያዡ እጅ ቢቀመጥ ይህን ጥድፊያ ይቀንሳል። የጉርዶቹን ዝርዝር የያዘ ግልባጭም ከቼክ ደብተሩ በተለየ ቦታ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ያለፉበትን ጊዜ ያየ ሰው፣ ሰነድን በአንድ ቁም ሣጥን ብቻ ማስቀመጥ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ አይዘነጋውም።

፮. ስለ ዶላር

በውጭ አገር የሚኖሩ የወሎ ልጆች ለሕንፃ ሥራ የሚልኩት ስጦታ አንዳንድ ጊዜ በዶላር ቼክ ይመጣል። በአሜሪካ ቼክ ላይ «ዶላር» የሚለው ቃል በመስመሩ መጨረሻ ይታተማል፤ ሰጪው በእንግሊዝኛ የገንዘቡን ልክ ይጽፍና ሳንቲሙን እንደ እኛው በመቶኛ፣ «ኤንድ 00/100» ብሎ ይጨርሳል። ቼኩን የሚቀበል ጽሕፈት ቤት ሦስት ነገር ይመልከት። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያኑ ስም በባንክ ካለው ስም ጋር መስማማቱ ነው። ሁለተኛው ቀኑ ነው፤ አሜሪካውያን ከቀን በፊት ወርን ይጽፋሉ፤ ዓመተ ምሕረታቸውም ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይቀድማል። ሦስተኛው ደግሞ ገንዘቡ ወዲያው እንደማይገኝ ማወቅ ነው፤ ባንኩ ከውጭ ባንክ እስኪያስመጣው ድረስ ጊዜ ይወስዳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ጉባኤው የዶላሩን ልክ በብር ቀድሞ ተምኖ ውል መዋዋል የለበትም። በመዝገብ ላይ አስቀድሞ የዶላሩ ልክ በፊደል ይጻፍ፤ የብሩ ልክ ባንኩ በመነዘረበት ቀን ይጨመር።

በድሮ መዛግብት ላይ ግን ሌላ «ዶላር» አለ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ገንዘብ በአማርኛ «ብር» ሲባል በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል ነበር፤ በእንግሊዝኛም «ብር» የተባለው በ1969 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በየአጥቢያው ሣጥን በሚገኝ የዚያ ዘመን የእንግሊዝኛ ውል ወይም የባንክ ወረቀት ላይ የዶላር ስም ቢታይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው የአገራችንን ብር ነው። ደሴ ከ1923 ዓ.ም. በኋላ የኢትዮጵያ ባንክ ቅርንጫፍ ከተከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ናትና እንዲህ ያለ ወረቀት በአካባቢያችን ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። በጥንቃቄ ይያዝ።

፯. መለማመጃ

በሚቀጥለው የጉባኤ ስብሰባ እነዚህን በጋራ ይሥሩ፤ መልሱ ከታች አለ።

1. 6,015.00ን እና 60,150.00ን በፊደል ይጻፉ።
2. 210,002.75ን በፊደል ይጻፉ።
3. በቃለ ጉባኤ ላይ «፲፪፼፭፻፵ ብር ይከፈል» ተብሏል። በቼክ ላይ እንዴት ይጻፋል?
4. በአንድ ቼክ ላይ በፊደሉ መስመር «50 ሺህ ሁለት መቶ ብር»፣ በአኃዙ ቦታ 5,200 ተጽፏል። ስሕተቶቹን ይዘርዝሩ።

መልስ፦ 1. ስድስት ሺህ ዐሥራ አምስት ብር ከ00/100፤ ስልሳ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ብር ከ00/100። 2. ሁለት መቶ ዐሥር ሺህ ሁለት ብር ከ75/100። 3. አንድ መቶ ሃያ ሺህ አምስት መቶ አርባ ብር ከ00/100። 4. አኃዝ ከፊደል ጋር ተደባልቋል፤ መዝጊያው «ከ00/100» በፊደሉም በአኃዙም የለም፤ ፊደሉና አኃዙ በ45,000 ብር ይለያያሉ። ይህ ቼክ አይፈረምም፤ «ተሰርዟል» ተብሎ ከጉርዱ ጋር ይያያዛል።

መለማመጃውን የጉባኤው ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ብቻ ሳይሆኑ የሚፈርሙ ሁሉ ይሥሩት። አንባቢ ያልሆኑ አረጋውያን አባላት ካሉ ቼኩ ሲነበብ ይስሙ፤ መስማትም ምስክርነት ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።